አዲስ ጠላቂ ስታስተምሩ፦ ሰንጠረዡ ለማሰቢያ፣ ኮምፒውተሩ ለመጥለቂያ

ስኩባ ዳይቪንግ (የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ውሃ ውስጥ መጥለቅ) በሚያስተምሩ ሰዎች መሀል የቆየ ክርክር አለ፦ ስንት ሜትር ወርዶ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል ተማሪው በወረቀት ሰንጠረዥ ይማር ወይስ ክንድ ላይ በሚታሰር የዳይቭ ኮምፒውተር? አንዱ ወገን "በወረቀት ሰንጠረዥ ያልተማረ ጠላቂ ምንም አያውቅም" ይላል። ሌላው ደግሞ "ዛሬ በሰንጠረዥ የሚጠልቅ የለም፤ ኮምፒውተሩን ስጡትና ውሃ ውስጥ ይግባ" ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ግን ባህር ጠረፍ ላይ ሆነው ነው።

እኛ ያለነው አዲስ አበባ፣ ስታዲየም አካባቢ ነው፤ ከባህር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ። ተማሪዎቻችን ትምህርቱን እዚህ ይማራሉ፣ ገንዳ ውስጥ ይለማመዳሉ፣ ከዚያ ለባህሩ ጅቡቲ፣ ግብፅ ወይም ዛንዚባር ይሄዳሉ። ሲጨርሱ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ቤታቸው ደግሞ ተራራ ላይ ነው። ይህ ነገር ትምህርቱን ከየት ጀምረን የት እንደምንጨርስ ይወስናል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ተማሪው መጀመሪያ በሰንጠረዥ ያስብ፣ ከዚያ በኮምፒውተር ይጥለቅ። ሰንጠረዡም ሆነ ኮምፒውተሩ ግን ይህ ሰው አዲስ አበባ እንደሚኖር አያውቁም። ይህን ማስተማር የእኛ ድርሻ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በዋናነት ለኢንስትራክተሮችና ለረዳቶቻቸው ነው፤ ተማሪም ቢያነበው ይጠቀማል።

ደረጃ 1፦ ከቁጥር በፊት ናይትሮጂን

በመጀመሪያው ምሽት ሰንጠረዥም ኮምፒውተርም አታውጡ። ነጭ ሰሌዳና ማርከር ይበቃል።

የምንተነፍሰው አየር አራት አምስተኛው ገደማ ናይትሮጂን ነው። ሰውነታችን አይጠቀምበትም፤ ገብቶ ይወጣል። ወደ ታች ስንወርድ ግን ግፊቱ ስለሚጨምር ናይትሮጂኑ ደም ውስጥና ሌላው የሰውነት ክፍል ውስጥ እየሟሟ ይጠራቀማል። ወደ ላይ ስንመለስ መውጣት አለበት። ቀስ ካልን በሳንባ በኩል በሰላም ይወጣል። ከቸኮልን እዚያው ያለበት ቦታ አረፋ ይሰራል። ሁለት የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አምጡ። አንዱን ቀስ ብላችሁ፣ ሌላውን በአንዴ ክፈቱት። ቤንድስ የሚባለው ህመም ከየት እንደሚመጣ ያኔ ይገባቸዋል።

ቀጥሎ ስለ ጆን ስኮት ሃልዴን ንገሯቸው። ይህ ብሪታኒያዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1908 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ዛሬ በእጃችን ላሉት ሰንጠረዦችም ኮምፒውተሮችም መነሻ ነው። ሙከራው የተሰራው በፍየሎች ላይ ነበር። ሃልዴን ሰውነትን በአምስት ቡድን ከፍሎ አሰበው። አንደኛው ቡድን በ5 ደቂቃ ውስጥ ግማሽ ድረስ በናይትሮጂን ይሞላል። ሌሎቹ 10፣ 20፣ 40 እና 75 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓምድ ስሩና 5፣ 20፣ 40 ብላችሁ ጻፉ። "ሰውየው ታች 20 ደቂቃ ቆየ" በሉ። ባለ 5 ደቂቃው አራት ጊዜ ተሞልቷል፦ መጀመሪያ 50፣ ከዚያ 75፣ ከዚያ 87.5፣ መጨረሻ ላይ 94 በመቶ ገደማ። ባለ 20ው ልክ 50 ላይ ነው። ባለ 40ው ገና 29 አካባቢ። ስሌቱን ራሳቸው ይስሩት። ከዚያ ጠይቋቸው፦ "ሰውየው አሁን ወጣ። ቶሎ የሚያራግፈው የትኛው ነው?" ቶሎ የሞላው ቶሎ ይጎድላል። ቀስ ብሎ የሞላው ቀስ ብሎ ነው የሚጎድለው።

አሁን አንድ ቁጥር ጨምሩ። የስዊዘርላንዱ ሐኪም አልበርት ቡልማን ዙሪክ ውስጥ ያዳበረውና ዛሬ ብዙ ኮምፒውተሮች የሚሰሩበት ሞዴል 16 ቡድኖች አሉት። የመጨረሻው ቀርፋፋ ቡድን ግማሹን ለመሙላትም ሆነ ለማራገፍ 635 ደቂቃ ይፈልጋል። ከ10 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፉትና አታጥፉት። ስለ መመለሻ ስታወሩ ትፈልጉታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ሰንጠረዥ፣ በእርሳስ

በሁለተኛው ምሽት ሰንጠረዡ ይወጣል። ካልኩሌተር አያስፈልግም፤ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። ሁለት ሁለት እየሆኑ ይስሩ፤ ውሃ ውስጥም የሚገቡት ሁለት ሁለት ሆነው ነው።

መጀመሪያ የሚማሩት "ኖ ዲኮ" የምንለውን ገደብ ነው። በዚህ ጥልቀት ስንት ደቂቃ ብቆይ ነው መንገድ ላይ ፌርማታ ሳልሰራ በቀጥታ መውጣት የምችለው? ኖ ዲኮ የዚህ መልስ ነው። ፓዲ በተባለው የጠላቂዎች አሰልጣኝ ድርጅት የሜትር ሰንጠረዥ 10 ሜትር ላይ 219 ደቂቃ ነው። 12 ላይ 147፣ 16 ላይ 72፣ 18 ላይ 56፣ 30 ላይ 20 ብቻ። እነዚህን አምስት ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፉና ዝም በሉ። ተማሪው ራሱ አይቶ "ኧረ ምን ያህል ነው የሚወርደው!" እስኪል ጠብቁ። ጥልቀት በእጥፍ ሲጨምር ጊዜው በግማሽ ሳይሆን ከዚያ በጣም በበለጠ ይቀንሳል። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩ ሲወርድ አይደነግጥም፤ ችላም አይለውም።

ከዚያ ሕጎቹ ይመጣሉ። ሰንጠረዡ የሚያውቀው የዳይቩን ጥልቅ ቦታ ብቻ ነው። ለአንድ ደቂቃ 16.3 ሜትር ከነካህ፣ ጠቅላላ ዳይቭህ በ18 ሜትር መስመር ይቆጠራል። ሁሌም ወደ ጥልቁና ወደ ረጅሙ ነው የሚጠጋጋው። የታች ቆይታ የሚባለው ከላይ መውረድ ከጀመርክበት እስከ መጨረሻው መውጣት እስክትጀምር ያለው ነው። ብዙ ተማሪ ታች ከደረሰ በኋላ ሊቆጥር ይፈልጋል። አርሙት።

ቀጥሎ ፊደሉ። ከመጀመሪያው ዳይቭ ስትወጣ ሰንጠረዡ አንድ ፊደል ይሰጥሃል፤ በሰውነትህ ውስጥ ስንት ናይትሮጂን እንደቀረ የሚናገር ፊደል። ላይ ስታርፍ ፊደሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሁለተኛ ዳይቭ ስትገባ የቀረው ናይትሮጂን ወደ ደቂቃ ተቀይሮ ከገደብህ ላይ ይቀነሳል። እንበል ሰንጠረዡ 25 ደቂቃ ቀሪ አለብህ አለ። ሁለተኛው ዳይቭ 16 ሜትር ነው። ገደቡ 72 ነበር፤ ለአንተ ግን 72 ሲቀነስ 25፣ ማለትም 47 ደቂቃ ነው።

እዚህ የምትሰሙት ስህተት አንድ ዓይነት ነው። "ምሳ በላን፣ አረፍን፣ አሁን እንደ አዲስ ነን።" አይደለንም። ሰሌዳው ጥግ ላይ ያለውን 635 አሳዩአቸው።

አንዳንድ አስተማሪ ተማሪውን በሰንጠረዥ ለቀናት ያደክመዋል። እኔ አልስማማም። አንድ ምሽት ተኩል ይበቃል። ተማሪው ሦስት ነገር ከገባው አልፏል፦ ጥልቀት ጊዜን እንደሚበላ፣ ናይትሮጂን ከዳይቭ ወደ ዳይቭ እንደሚሻገር፣ እረፍት የእቅዱ አካል እንደሆነ። የፊደሎቹን መንገድ ቢረሳ ግድ የለም። ሰንጠረዡን የሚያነብ ሰው ፊደሉን መልሶ ያገኘዋል።

ደረጃ 3፦ ሰንጠረዡ የማይችለው ዳይቭ

እንዲህ ያለ ዳይቭ ስጧቸው። 18 ሜትር ላይ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ 12 ሜትር ላይ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ 7 ሜትር ላይ 15 ደቂቃ። ቀይ ባህር ላይ ኮራል ግድግዳ እየተከተሉ ሲጠልቁ የተለመደው ቅርፅ ይህ ነው፤ ከታች ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ።

በሰንጠረዥ አስሉት በሉ። ጠቅላላ 45 ደቂቃ፣ ሁሉም በ18 ሜትር የተቆጠረ። ገደቡ 56 ስለሆነ 11 ደቂቃ ብቻ ነው የቀረው። ፊደሉም ከባድ ይሆናል፤ ሁለተኛውን ዳይቭ ይጎዳዋል። በእውነት ግን ሰውየው ከዳይቩ ሦስት አራተኛ በላይ የሆነውን ጊዜ ያሳለፈው ከ18 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ያያል። ጥልቀቱን በየጥቂት ሰከንዱ ይለካል፣ የእያንዳንዱን ቡድን መሙላትና መጉደል ያሰላል፣ ሰውየው ከፍ ሲል ጊዜ ይመልስለታል።

ኮምፒውተር ለምን እንደመጣ ለተማሪው ግልፅ የሚሆንለት እዚህ ነው። ደግሞም ባህሩ ላይ የሚጠብቀው ጋይድ የሚመራው እንዲህ ዓይነት ዳይቭ ነው። በሰንጠረዥ ብቻ የሰለጠነ ተማሪ እዚያ ሲደርስ ወይ ከቡድኑ ቀድሞ ይወጣል፣ ወይ ሰንጠረዡን ትቶ ጋይዱን ይከተላል። ሁለተኛውን ነው የሚመርጠው። ያለ ምንም መለኪያ የሰው ጀርባ እየተከተለ ይጠልቃል ማለት ነው። በሰንጠረዥ ብቻ ማስተማርን የምቃወመው ለዚህ ነው።

"ሰንጠረዡን ለመጠባበቂያ ያዙ" የሚል ምክርም አለ። ጥሩ ይመስላል፤ ግን ተማሪው ያስብበት። ጠዋት በኮምፒውተር ሁለት ደረጃ በደረጃ የሚወጡ ዳይቮች ከሰራህና ከሰዓት ኮምፒውተርህ ቢሞት፣ የጠዋቱ ዳይቮች ሰንጠረዡ ውስጥ ላይገቡ ይችላሉ። ስለዚህ ያኔ ወደ ሰንጠረዥ መመለስ አይሰራም። እኔ የማስተምረው መጠባበቂያ ሁለት ነው፦ ወይ ከመጀመሪያው ሁለተኛ ኮምፒውተር አብሮህ ይጥለቅ፣ ወይ ቀስ ብለህ ውጣ፣ 5 ሜትር ላይ ቢያንስ 3 ደቂቃ ቁም፣ ከዚያ 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ አትግባ።

ደረጃ 4፦ ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ላይ

ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ኮምፒውተር እጁ ላይ ይሁን። በፕሮጀክተር የታየ ስክሪን አይበቃም። ቁልፉን ራሱ ይጫን።

መጀመሪያ ስክሪኑን እየጠቆሙ ያንብቡት፦ ጥልቀት፣ የዳይቭ ጊዜ፣ ኖ ዲኮ፣ የመውጫ ፍጥነት። አንድ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል።

"ቲቸር፣ ይሄ 38 የሚለው የቀረኝ አየር ነው?"

"አይደለም። አየርህ ጌጁ፣ ማለትም የሲሊንደሩ ግፊት መለኪያ ላይ ነው። 38 ማለት በዚህ ጥልቀት ከቆየህ በቀጥታ ለመውጣት 38 ደቂቃ አለህ ማለት ነው። አየርህ በ15 ደቂቃ ሊያልቅ ይችላል።"

"ታዲያ የትኛውን ልከተል?"

"ቀድሞ የሚያልቀውን።"

ይህን መልስ ተማሪው በራሱ ቃል መልሶ እስኪናገረው ድረስ አትለፉት።

ከዚያ ፕላን ወደሚለው ክፍል ይግቡ። ኮምፒውተሩ በየጥልቀቱ ኖ ዲኮ ያሳያል። የፓዲውን አምስት ቁጥር ካጠገቡ ይጻፉ። አይገጥምም። ተማሪው ይረበሻል፤ "የቱ ነው ትክክል?" ይላል። ይህ ጥያቄ ከትምህርቱ ሁሉ የተሻለው ነው። ሁለቱም ግምት ናቸው። የተሰሩት በተለያየ ሞዴል ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ የጥንቃቄ መጠን የሚስተካከልበት ቦታ አለ። አንዱም የዚህን ተማሪ ደም አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ቁጥሩ ዜሮ እስኪሆን አንጠብቅም። እኔ ለጀማሪ 10 ደቂቃ ሲቀር ከፍ በል እላለሁ።

አሁን ወደ ማስተካከያዎቹ። ጋዙ አየር፣ ማለትም 21 በመቶ ኦክስጅን ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። ባትሪውን ይዩ። የከፍታ ማስተካከያው ደግሞ ለኛ ዋናው ነው። ከፍታውን ራሳቸው የሚያውቁ ኮምፒውተሮች አሉ። ሱውንቶ የተባለው ኩባንያ ብዙዎቹ ሞዴሎች ግን በእጅ ነው የሚስተካከሉት፦ ኤ0 እስከ 300 ሜትር፣ ኤ1 ከ300 እስከ 1,500፣ ኤ2 ከ1,500 እስከ 3,000። አዲስ አበባ ኤ2 ውስጥ ነው። ጅቡቲ ኤ0። ተማሪው እዚህ ገንዳ ሲገባ ኤ2 ያድርግ፣ ባህር ሲደርስ ኤ0 ያድርግ። ኤ2 ላይ ረስቶት ባህር ቢገባ ኮምፒውተሩ ከሚገባው በላይ ይጠነቀቃል፤ ጊዜ ያሳጥርበታል እንጂ አይጎዳውም። ተቃራኒው ነው አደገኛው።

ምክንያቱንም ንገሯቸው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባህር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ከ10 ሜትር ወደዚህ ቀላል ግፊት መውጣት፣ ለሰውነት ባህር ላይ ከ13 ሜትር ገደማ እንደመውጣት ነው። ተራው ሰንጠረዥ ደግሞ የተሰራው ለባህር ወለል ሆኖ እስከ 300 ሜትር ከፍታ ድረስ ብቻ ነው። ለአዲስ አበባም ለቢሾፍቱ ሐይቆችም እንዳለ አይሰራም።

ሌላው፣ የኮምፒውተር መዋዋስ። "ጓደኛዬ አለው፣ አጠገቡ ነኝ" የሚል ተማሪ አይጠፋም። ጓደኛው ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። ጠዋት ያልጠለቀ ሊሆንም ይችላል። ኮምፒውተር የሚያውቀው የታሰረበትን ክንድ ብቻ ነው። ለሁሉም የየራሱ፣ ከመጀመሪያው ዳይቭ እስከ መጨረሻው ያው ራሱ። ጀልባ ላይ የተከራየውን ኮምፒውተር ከሰዓት ሌላ ሰው እንዳይወስድበት ቁጥሩን ይጻፍ፤ ከወሰደበት የጠዋቱ ናይትሮጂኑ አብሮ ሄዷል። ሁለት ጓደኛሞች አብረው ሲጠልቁ ደግሞ የሚታዘዙት ለጠንቃቃው ኮምፒውተር ነው።

ደረጃ 5፦ ገንዳው

የሆቴል ገንዳ 3 ሜትር ቢሆን ነው። በዚህ ጥልቀት ኖ ዲኮው 99 ላይ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ ኖ ዲኮ አታስተምሩ። የመውጫ ፍጥነት አስተምሩ።

ብዙ ኮምፒውተሮች የሚፈቅዱት በደቂቃ 9 ወይም 10 ሜትር ነው። በ9 ሂሳብ 3 ሜትር 20 ሰከንድ ይፈጃል። ተማሪው ከገንዳው ወለል እስከ ላይ 20 ሰከንድ እየቆጠረ ይውጣ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ማለት ይቻላል በአምስትና በስድስት ሰከንድ ብቅ ይላል። ኮምፒውተሩ ይጮህበታል። ደግሙት። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ፣ አንድ እጁ ከጭንቅላቱ በላይ፣ ትንፋሹ ሳይቋረጥ። ልቡ ላይ ያለው ችኮላ የሚወጣው በመደጋገም ነው።

ትንፋሽ አለመያዝን እዚህ አገር ላይ በእጥፍ አጥብቁት። አንድ ሰው ከ3 ሜትር ትንፋሹን ይዞ ቢወጣ ባህር ላይ ሳንባው ውስጥ ያለው አየር 30 በመቶ ገደማ ይሰፋል። አዲስ አበባ ላይ ወደ 38 በመቶ ይጠጋል። ገንዳ ነው፣ ምን ይመጣል የሚባል ነገር የለም።

ቀጥሎ ሁለት ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ተንሳፍፎ መቆየት። የ5 ሜትሩ የደህንነት ፌርማታ ልምምድ ነው። በመሀል ስክሪኑን በእጃችሁ ሸፍኑና ውሃ ውስጥ በሚጻፍበት ትንሽ ሰሌዳ ላይ ጻፍ በሉት፦ ጥልቀትህ ስንት ነበር? ስንት ደቂቃ ሆነህ? የማያውቅ ከሆነ ኮምፒውተሩን አስሮታል እንጂ እያነበበው አይደለም። በመጨረሻ "ኮምፒውተሬ ሞተ" የሚለውን ምልክት አሳዩትና ለጓደኛው አሳውቆ አብረው ቀስ ብለው ይውጡ።

ደረጃ 6፦ የሰዓት ነገር

ይህን በውጭ አገር መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አታገኙትም። ኮምፒውተሩ 10:20 ይላል። ተማሪያችን "4 ከ20" ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ችግሩ ሲቀላቀሉ ነው።

ከመጀመሪያው ዳይቭ በ10:20 ወጣ። ማስታወሻው ላይ እንደለመደው 4:20 ብሎ ጻፈ። ሁለተኛውን ዳይቭ ሲጀምር ከኮምፒውተሩ አይቶ 12:50 ብሎ ጻፈ። ሲያሰላው ስምንት ሰዓት ተኩል አርፏል። በእውነት ያረፈው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በሰንጠረዥ የሚያቅድ ሰው በዚህ ስህተት ከናይትሮጂን ንፁህ ነኝ ብሎ ይገባል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዳይቭ ላይ ያለው ሰዓት ሁሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ብቻ ይጻፍ፤ ልምምዱም ከመጀመሪያው ምሽት ይጀምር። የአውሮፕላን ትኬቱንም አብራችሁ አንብቡ። 02:30 የሚል ትኬት ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ብሎ የተረዳው ሰው ከመብረሩ በፊት ያለውን ጊዜ በስድስት ሰዓት አስረዝሞ ገምቷል።

ደረጃ 7፦ እቅዱ ከመመለሻው ይጀምራል

ከዳይቭ በኋላ ስለ መብረር ዳን የተባለው የጠላቂዎች ደህንነት ድርጅት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጉባኤ የወጣ መመሪያ አለው። አንድ ኖ ዲኮ ዳይቭ ብቻ ለሰራ ቢያንስ 12 ሰዓት። በቀን ብዙ ዳይቭ ወይም ለብዙ ቀን ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት። መንገድ ላይ የግዴታ ፌርማታ ለነበረበት ከ18 በጣም የበለጠ። መመሪያው የተሰራው የካቢን ግፊቱ ከ610 እስከ 2,438 ሜትር ከፍታ ለሚመስል በረራ ነው።

አብዛኛው ሰው "በረራው አንድ ሰዓት ብቻ ነው" ይላል፤ ካረፈ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ለአዲስ አበባ ሰው አያልቅም። ቦሌ ራሱ 2,334 ሜትር ላይ ነው። እንደ ድሪምላይነር ባለ አውሮፕላን ካቢኑ ውስጥ ያለው ግፊት የ1,800 ሜትር ከፍታ ያህል ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ወደ ቦሌ ሲወርድ የተማሪው ሰውነት ወደ ላይ ነው የሚወጣው። በሩ ሲከፈት ከበረራው ሁሉ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ነው፤ እዚያው ያድራል፣ ይውላል፣ ይኖራል።

በባቡር ወይም በመኪና መመለስም ያው ነው። "እኔ አልበርም፣ በባቡር ነው የምመለሰው" የሚል ተማሪ ገጥሟችሁ ከሆነ ካርታ አሳዩት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ አዳማ 1,700 አካባቢ፣ ከዚያ እኛ። ከባቦጋያ ሐይቅ ተነስቶ በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስም ከ400 ሜትር በላይ ይወጣል። የሚጠብቁት ሰዓት በመጓጓዣው ዓይነት አይቀንስም።

እዚህ ላይ አንድ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ስጧቸው። ክፍል ውስጥ ክዳኑን ጥብቅ አድርገው ይዝጉትና ይዘውት ይሂዱ። ባህሩ ጋ ሲደርሱ ጎኑ ገብቶ ተጨማድዶ ያገኙታል። እዚያ ከፍተው መልሰው ይዝጉት። አዲስ አበባ ሲደርሱ እንደ ድንጋይ ወጥሮ ይጠብቃቸዋል። ውስጡ ያለው አየር ላይ የደረሰውን በእጃቸው ይነኩታል።

ስለዚህ እቅድ የሚጻፈው ከኋላ ወደ ፊት ነው። በረራው እሁድ 15:00 ነው። በ18 ሰዓት ቢሆን የመጨረሻው ዳይቭ ቅዳሜ 21:00 ላይ ማለቅ አለበት። እኔ ለአዲስ አበባ ነዋሪ 24 ሰዓት ነው የማስተምረው፤ ምክንያቱም እዚህ ከፍታው ጊዜያዊ አይደለም። ስለዚህ ቅዳሜ 15:00 ላይ ከውሃ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው "ገና አትብረር" የሚለው የአውሮፕላን ምልክት ቀድሞ ቢጠፋም እቅዱ አይለወጥም፤ ከሁለቱ ረጅሙን እንከተላለን።

የመጨረሻው ቀን ባዶ ሲሆን ሰው ይከፋዋል፤ "ከፍዬ መጥቼ!" ይላል። የሚሰራውን አዘጋጁለት። ጅቡቲ ከሆነና ወቅቱ ከህዳር እስከ ጥር ከሆነ ታጁራ ባህረ ሰላጤ ውስጥ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል። እሱን የሚያዩት በማስክና በስኖርክል፣ ያለ ሲሊንደር፣ ከላይ እየዋኙ ነው። ጠልቆ መውረድ ሳያስፈልግ ቀኑ ያምራል። ከዚያ እቅዱን በትንሽ ካርድ ላይ ጽፈው አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ላሚኔት ያስደርጉትና ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ፦ የበረራ ሰዓት በ24 አቆጣጠር፣ የመጨረሻ ዳይቭ ማብቂያ፣ የኢንሹራንስ ስልክ።

ቤት ከደረሱ በኋላም አንድ ቀን እንጦጦ አይውጡ። እዚያ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ዘመድ "ሰላም ገባህ፣ እስኪ እንጦጦ ፓርክ ሽር እንበል" ቢል፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቅጠሩት።

ደረጃ 8፦ ተመልሶ ቢያመው

የቤንድስ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከወጡ በኋላ ባሉት ሰዓታት ይታያል። ከፍታ ላይ ሲወጡ ደግሞ ሊቀሰቀስ ይችላል። የትከሻ፣ የክርን ወይም የጉልበት ሕመም። መደንዘዝ ወይም መርፌ መርፌ ማለት። ያልተለመደ ድካም። ቆዳ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ። ከዚህ የከፋው የእግር መዛል፣ ማዞር፣ ሽንት አለመውጣት ነው።

በእኛ አገር ይህ ሁሉ ስም አለው። "ብርድ መቶኝ ነው።" "የመንገድ ድካም ነው።" እናቱ ዝንጅብል አፍልታ፣ ቅባት ቀብታ ታስተኛዋለች። ተማሪው ከመሄዱ በፊት ይህን ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩት፦ ከዳይቭ ከተመለስክ በ48 ሰዓት ውስጥ መገጣጠሚያህን ካመመህ ወይም እጅ እግርህ ከደነዘዘ፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ብርድ አይደለም። አብሮት ለሚኖር ሰውም ይንገር፤ የታመመ ሰው ራሱን "ደህና ነኝ" ማለት ይቀናዋል።

ያኔ የሚደረገው ይህ ነው። ቶሎ ኦክስጅን ወዳለበት የጤና ተቋም ይሂድና 100 በመቶ ኦክስጅን በማስክ ይሰጠው። ለሐኪሙ "ጠልቄ ነበር፣ ከባህር ወለል ወደዚህ ወጥቻለሁ" ብሎ መጀመሪያ ይናገር፤ ካልተናገረ ማንም አይጠይቀውም። በዚያው ቅፅበት ሌላ ሰው ወደ ዳን የድንገተኛ መስመር ወይም ወደ ኢንሹራንሱ ይደውል፤ ቤንድስ የሚታከምበት የግፊት ክፍል የት እንዳለና በምን ዓይነት መጓጓዣ እንደሚሄድ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በራሱ ውሳኔ አውሮፕላን እንዳይሳፈር። ሕመሙ ኦክስጅኑን ሲወስድ ቢተወውም ምርመራው ይቀጥል።

ኮምፒውተሩንም ይዞ ይሂድ። የስንት ሜትር፣ የስንት ደቂቃ፣ በስንት ሰዓት እረፍት፣ በምን ፍጥነት እንደወጣ ሁሉ እዚያ ውስጥ ተመዝግቧል። ዳይቮቹን የሚያሳየውን ሎግ ከፍቶ ማሳየት እንዲችል እኔ ይህን ልምምድ ጠረጴዛው ላይ በደረጃ 4 ጊዜ አሰራዋለሁ፤ ለራሱ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ላለው ጓደኛም ጭምር፣ ምክንያቱም ያኔ ቁልፉን የሚጫነው ጓደኛው ሊሆን ይችላል።